ጣሪያ የወሰደው «ደካማ» ቶርኔዶ፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ አሜሪካ፣ ደቡብ ምዕራብ ሚኒሶታ ያለችውን ትንሿን የገጠር መንደራችንን ቶርኔዶ (ከደመና እስከ መሬት የሚደርስ የሚሽከረከር ነፋስ) መታት። የሞተ ሰው የለም፣ ተመስገን። ግን ጣሪያ ተገንጥሏል፣ ባዶ የእህል ጎተራ እንደ ጣሳ ተንከባሏል፣ ስንት ዛፍ ተነቅሏል። በማግስቱ ባለሙያዎች መጥተው አዩና «ኢ.ኤፍ 1 ነው፣ ደካማ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ሜትዮሮሎጂስት አይደለሁም። ስካይዋርን የሚባለውን ነፃ ሥልጠና ወስጄ ለዓመታት በፈቃደኝነት ደመና ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ልመልስ።

ጋሼ፣ ግማሽ ጣሪያዬን ወስዶ «ደካማ» ይባላል? ስድብ እኮ ነው!

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ያናድዳል። ቃሉ ግን የነፋሱ እንጂ የኪሳራህ መለኪያ አይደለም። ኢ.ኤፍ የሚባለው የቶርኔዶ ደረጃ ከ0 እስከ 5 ነው። ፉጂታ የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በ1971 ያወጡት ነበር፤ ተሻሽሎ አሜሪካ ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ይሠራበታል (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ዜሮ ማለት በሰዓት ከ105 እስከ 137 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ከ138 እስከ 177፣ አምስት ደግሞ ከ322 በላይ ነው። ደካማ የሚባሉት ዜሮና አንድ ናቸው። እዚህ አገር በዓመት 1,200 ያህል ቶርኔዶ ይከሰታል፤ አብዛኛው ከነዚህ ነው። በ170 የሚሄድ መኪና ላይ ቆመህ አስበው። ደካማ ነው አይደል?

ፍጥነቱን ማን ለካው?

ማንም። ከፍርስራሹ ተነሥተው ነው ወደ ነፋሱ የሚሄዱት። 28 ዓይነት ነገር ያያሉ፦ የእርሻ መጋዘን፣ መኖሪያ ቤት፣ ሞባይል ሆም (ትሬይለር የሚባለው፣ ፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ ቤት)፣ ዛፍ፣ ሌላም። እዚህ የመጣችው ባለሙያ የወደቀው መጋዘን ጋ ስትደርስ ጣሪያውን እንኳ ቀና ብላ አላየችም። በጉልበቷ ተንበርክካ ግድግዳው ያረፈበትን ሲሚንቶ ዳበሰች። ብሎን የለም። በሚስማር ብቻ ነበር የተያዘው። «ይሄ በትንሽ ነፋስም ይሄዳል» ብላ ጻፈች። በደንብ በብሎን የታሰረ ቤት ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ደረጃው ከፍ ይል ነበር።

ቶርኔዶ ነው ወይስ ዝም ብሎ ኃይለኛ ነፋስ?

ዛፎቹን እይ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተኙ፣ ከደመናው ወርዶ መሬት ላይ የተዘረጋ ነፋስ ነው። የኛዎቹ ግን ከግራና ከቀኝ ወደ መሃል ተጋጥመው ነው የወደቁት። ለኢንሹራንስ ሁለቱም ያው ነፋስ ነው፣ አትጨነቅ።

የጎረቤቴ ቤት አንድ መስታወት አልተሰበረም። የኔ ለምን?

መንገዱ ጠባብ ነው። የናንተ ቤት መንገዱ ላይ ነበር፣ የሱ አልነበረም። ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ የሠራችሁት ኃጢአትም የለም።

ጋራዡ ግን ይታይ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሸነፈው ትልቁ የጋራዥ በር ነው። እሱ ከተበሳ ነፋሱ ይገባና ጣሪያውን ከሥር ይገፋዋል፤ ከላይ ያለው ደግሞ ይስበዋል። ስትጠግኑ ነፋስ የሚቋቋም በር አስገቡ፣ ጣሪያውንም ከግድግዳው ጋር በብረት ማሰሪያ አሳስሩ። ዋጋው ከሌላው ጥገና አንጻር ያን ያህል አይደለም።

መስኮት ከከፈትን ቤቱ አይፈነዳም ይባላል። እውነት ነው?

የድሮ ተረት ነው። ለመስኮት የምታባክኑትን ደቂቃ ለቤዝመንቱ (ለምድር ቤቱ) ስጡት።

እኔ ትሬይለር ውስጥ ነው የምኖረው። ልጆቼን ይዤ የት ልሂድ?

እህቴ፣ ከሁሉም ያሳሰበኝ ያንቺ ጥያቄ ነው። ኢ.ኤፍ 1 ሞባይል ሆም ሊገለብጥ ይችላል። መታጠቢያ ክፍልም አያድንም፤ ወጥቶ መሄድ ነው። ማስጠንቀቂያው ከመጣ በኋላ ደግሞ ጊዜ አይበቃም። ስለዚህ «ዎች» ሲባል ተነሺ። ዎች ማለት ሰማዩ ለቶርኔዶ አመቺ ነው ማለት ነው፤ «ዋርኒንግ» ከተባለ ታይቷል ወይም ራዳር ላይ ወጥቷል።

ችግሩ የኛ ይሉኝታ ነው። እኩለ ሌሊት የፈረንጅ በር ማንኳኳት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ዛሬ በቀን ሂጂና ቤዝመንት ያላቸውን ጎረቤቶችሽን ጠይቂ። እኔ እስካሁን እምቢ ያለ አላየሁም። የኛም በር ክፍት ነው፣ ቡናም አለ።

ሳይረኑን (የማስጠንቀቂያ ጩኸቱን) አልሰማሁም። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። ሳይረን የተሠራው ደጅ ላለ ሰው ነው። መስኮት ዘግቶ ለተኛ ስልክና የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ነው የሚሻለው። ሬዲዮውን ባትሪ ያለው አድርጉት።

ፌማ (የፌዴራል መንግሥቱ የአደጋ መሥሪያ ቤት) ይከፍለናል?

ተስፋ አላበዛባችሁም። ፌማ ለግለሰብ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ አደጋውን ሲያውጁ ነው፤ ለእንዲህ ያለች መንደር ያ እምብዛም አይደርስም። አነስተኛ ንግዶች አስተዳደር ከሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብድር ለማግኘት እንኳ ቢያንስ 25 ቤት ወይም ሱቅ፣ እያንዳንዱ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ኢንሹራንስ የማይሸፍነው ጉዳት ሊኖረው ይገባል። እኛ ቆጥረን 9 ነው ያገኘነው።

ስለዚህ ያለን ኢንሹራንስ ነው። ከማጽዳታችሁ በፊት ፎቶ፣ ከዚያ ሸራ፣ ከዚያ ስልክ። ሸራ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። የነፋስና የበረዶ ዲዳክተብል (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት እናንተ የምትሸፍኑት) ደግሞ ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው፦ ቤቱ በ250,000 ዶላር ተመዝግቦ 2 በመቶ ከሆነ የመጀመሪያው 5,000 ከኪሳችሁ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከደረሰብኝ በኋላ ነው። ወረቀቴን አንብቤ አላውቅም ነበር።

ደጅ እያንኳኳ «ዛሬውኑ ፈርሙ» ለሚል ጣሪያ ሠሪ ደግሞ ውኃ ስጡትና ሸኙት።

እኛ አገር የሚሽከረከረው አቧራስ ቶርኔዶ ነው?

አይደለም። ያንን ስናይ «ሰይጣን አለበት» እየተባልን እናማትብ ነበር። እሱ በጠራራ ፀሐይ ከጋለ መሬት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄድ ነው። ቶርኔዶ ግን ነጎድጓድ ካለው ደመና ጋር የተያያዘ ነው።

በቆሎዬ ውስጥ የሰው ቆርቆሮ ወድቋል። እስከ አጨዳ ልተወው?

አትተወው። ኮምባይን ይሰብርብሃል። ከብት ካለህ ደግሞ ሚስማሩን ከሣር ጋር ይውጡታል። ለዚህ ሲሉ እዚህ አገር አርቢዎች ለላም ማግኔት ያስውጣሉ፤ ሆዷ ውስጥ ይቀመጥና ብረቱን ይይዛል። መጀመሪያ ሳይ እየቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወፍራም ጫማና ጓንት አድርገን ማሳው ውስጥ በሰልፍ እንሄዳለን፣ አንተም ና። እስካሁን ያነሣነውን እኔ ጋራዥ አስቀምጫለሁ፦ ሁለት ወንበር፣ አንድ የጀበና ማስቀመጫ፣ የቀይ ብስክሌት የፊት ጎማ። ባለቤቱ መጥቶ ይውሰድ።