ከየት እስከ የት? ለጎጃም ወጣት ፕሮግራመሮች

ውድ ልጆቼ፣

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ኮድ መጻፍ የጀመራችሁ ወጣቶች ከሊስት (በተራ ከተደረደረ ዝርዝር) ላይ ቁራጭ የሚወጣበትን የሬንጅ፣ ማለትም የ«ከየት እስከ የት»፣ አጻጻፍ አጭር ስለሆነ ብቻ በችኮላ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ።

ከባሕር ዳር ወደ ደጀን የሚወስደውን መንገድ ተከትላችሁ ባሕር ዳር፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስና ደጀን ብላችሁ በሊስት አስቀምጡ። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ [2:5] ስትሉ የምታገኙት እንጅባራን፣ ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን ነው፤ ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ኢንዴክሷ (የተራ ቁጥሯ) 5 የሆነው ደምበጫ ናት፣ እርሷም አትገባም። መጨረሻው መቅረቱ ጀማሪን ግራ ቢያጋባም ጥቅሙ ትልቅ ነው፦ ከ5 ላይ 2 ሲቀነስ የቁራጩ ርዝመት ይገኛል፤ [:3] እና [3:] ተብለው የተቆረጡትም ሲቀጠሉ አንድም ከተማ ሳይደገም ወይም ሳይጎድል ሙሉውን መንገድ ይመልሳሉ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድስኸር ዳይክስትራ ቁጥር ለምን ከዜሮ መጀመር እንዳለበት በ1982 እ.ኤ.አ. በጻፈው አጭር ማስታወሻ የተሟገተው ለዚሁ አቆጣጠር ነበር።

ሁሉም ቋንቋ ግን በዚህ አይስማማም። በሩቢ ሁለት ነጥብ (..) መጨረሻውን ያስገባል፣ ሦስት ነጥብ (...) ያስቀራል፤ በስዊፍት ሦስት ነጥብ ያስገባል፤ በረስት ሁለት ነጥብ ያስቀራል፣ ለማስገባት የእኩል ምልክት ይጨመርበታል (..=)። ስለዚህ ወደ አዲስ ቋንቋ ስትሻገሩ የጣታችሁን ልማድ አትመኑ። ቁራጩ ቅጂ መሆን አለመሆኑንም እወቁ፦ የፓይተን ሊስት ሲቆረጥ አዲስ ሊስት ይወጣል፣ ጎ በተባለው ቋንቋ ግን ቁራጩ ከዋናው ጋር አንድ ማኅደረ ትውስታ ስለሚጋራ በአንዱ ላይ የተለወጠው በሌላውም ይታያል።

ከሁሉ አብልጬ የማሳስባችሁ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ነው። ጽሑፍ በኮምፒውተር በባይት በሚቀመጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ስልት አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ደብረ ማርቆስ» የሚለው ስም ክፍተቱን ጨምሮ 8 ቁምፊ (ፊደል ወይም ምልክት) ሲሆን በባይት ግን 22 ነው። ፓይተን 3 ቁምፊ ስለሚቆጥር [0:3] ሲባል «ደብረ»ን ይሰጣል፤ ጎ ባይት ስለሚቆጥር «ደ»ን ብቻ ይሰጣል፣ [0:2] ቢባል ደግሞ የተሰበረ ፊደል ያወጣል፤ ረስት በፊደል መካከል ሲቆረጥ ፕሮግራሙን ያቆማል። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ከሞከራችሁት አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ሁሉም ልክ መስሎ ያልፋል፤ ስሕተቱ የሚገለጠው አንዲት የደምበጫ እናት ስሟን በአማርኛ ያስመዘገበች ቀን ነው። እንግዲህ መሞከሪያችሁ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን የአማርኛ ስም ይኑር፤ በጎ የምትጽፉም ስሙን ከመቁረጣችሁ በፊት ወደ ሩን ስላይስ (በባይት ሳይሆን በቁምፊ ወደሚቆጠር ዝርዝር) ለውጡት።