«ባሌ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ አላምንም አለ፤ ነፍሱስ?» ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽ አንጀቴን በላው። ላላነበበው ሰው ባጭሩ ልድገመው። ባልሽ በሞተር አደጋ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ነፍሱ ተረፈች። ከሆስፒታል ሲወጣ ግን እምነቱ አብሮት አልወጣም። ድሮ ቅዳሴ የማያስታጉል ሰው ዛሬ «እግዚአብሔር የሚባል የለም» ይላል፣ ያውም ሳይቆጣ። አንቺ ሁለት ነገር ጠየቅሽ። እንዲህ እንዳለ ቢሞት ነፍሱ ትጠፋለች ወይ? ለንስሐ አባታችንስ ልንገር ወይስ ገመናዬን ልሸፍን?

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ጉዳቱ የወሰደበትን እምነት እግዚአብሔር እንደ ክህደት አይቆጥርበትም ብዬ አምናለሁ። ቄስ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ ሱቅ ነግጄ የምበላ ሰው ነኝ። ግን ይሄ ጥያቄ እኛ ቤት ገብቶ ከርሟል።

ታላቅ ወንድሜ፣ እኛ ቤት «ወንድም ጋሼ» ነው የምንለው፣ ግንበኛ ነበር። ማራኪ አካባቢ ከሚሠራ ፎቅ ላይ ወደቀ። ልጅ ሳለ በዲቁና አገልግሏል። ኋላ ወደ ሥራ ቢያዘነብልም ዜማው ከአፉ አልጠፋም። ወር በገባ በ7 የሥላሴ ማኅበር ጽዋ አለው፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም ሥራ አይገባም ነበር። ከወደቀ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱን አያውቅም። ሲነቃ እናታችንን አወቀ፣ እኔን አወቀ፣ የብሎኬት ዋጋ ሳይቀር ያስታውሳል። እኛም እልል አልን።

አንድ ቀን እናታችን ቡና አፍልታ «ስመ ሥላሴ» ብላ ስትጀምር ቀና ብሎ አያትና «እማዬ፣ ማን ይሰማኛል ብለሽ ነው?» አላት። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻል ነበር። ጨው አቀብዪኝ በሚልበት ድምፅ ነው ያላት። ከዚያ በኋላ ጸሎት የለ፣ ጾም የለ፣ ማኅበሩም ተረሳ። ዘመድ ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ቡና እየጠጣ ይፈርዳል። አንዱ መተት ነው አለ፣ ሌላዋ ዛር ነው አለች። አንድ አጎታችን «ድሮም ከልቡ አልነበረም» ሲል እናቴ ከቤት ልታስወጣው ምንም አልቀራት።

ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አንሥቶ ከግንባሩ ኋላ የተጎዳውን ቦታ በጣቱ አሳየን። ይሄ የአንጎል ክፍል ሰው የሚያቅድበት፣ ምላሱን የሚገታበት፣ ለነገሮች ክብደት የሚሰጥበት ነው አለን። እሱ ሲጎዳ ሰውየው ልጁን ያውቃል፣ ናፍቆቱ ግን ላይመጣ ይችላል። ጸሎቱን ያውቃል፣ ጸሎቱ ግን ምንም አይለውም። የመጣለትን ሁሉ ሳያጣራ ይናገራል።

አሜሪካ ስለነበረ ፊንያስ ጌጅ ስለሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኛም አወራን። በ1848 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድንጋይ ሊያፈነዱ ባሩድ ሲጠቀጥቅ፣ ባሩዱ ቀድሞ ፈንድቶ ብረቱ ጉንጩ ሥር ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው ተረፈ። ጓደኞቹ ግን «ይሄ ጌጅ አይደለም» አሉ፤ ጨዋው ሰው ተሳዳቢና የማይጨበጥ ሆነባቸው። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ሐኪሙ ግን ቀጠለ፦ ጌጅ በኋላ ቺሊ ሄዶ በፈረስ የሚጎተት የመንገደኛ ሠረገላ እየነዳ ዓመታት ሠርቷል፤ የሞተው በ1860 ነው። ይሄን ያለን ቶሎ ተስፋ እንዳንቆርጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ለውጥ ይታያል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ለዓመታት ሊሻሻል ይችላል፤ ሁሉም ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ይሄንንም አልደበቀንም።

አሁን ወደ ነፍሱ ጉዳይ። የንስሐ አባታችን ሽማግሌ ናቸው፣ ቶሎ አይመልሱም። እናቴ እያለቀሰች ስትጠይቃቸው መልሰው እኔን ጠየቁኝ።

«በስንት ቀንህ ነው ክርስትና የተነሣኸው?»

«በ40 ቀኔ።»

«ያን ቀን ምን ታምን ነበር?»

ምን እላለሁ? ዝም አልኩ። «የክርስትና አባትህ ነው ስላንተ ቆሞ የመሰከረው። ጸሎተ ሃይማኖቱን እሱ አለልህ፣ ሰይጣንን እሱ ካደልህ፣ አንተ ታለቅስ ነበር። ቁርባን ስትቀበልም የምታውቀው ነገር የለም» አሉ። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን፣ ማሰብ ያልቻለውን «አስበህ እመንና ግባ» ካላለችው፣ ማሰቢያው የተሰበረበትን «ውጣ» አትለውም። ይሄ ነው የአባ መልስ። እኔ ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም።

ሌላም ነገሩኝ። በ381 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ከተገኙት አባቶች አንዱ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ጢሞቴዎስ ነበር። ካህናት ያቀረቡለት ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ቀኖና ሆነው ቀርተዋል። አንዱ ጥያቄ ያንቺው ጎረቤት ነው፦ ገና ያልተጠመቀ ንኡሰ ክርስቲያን ታሞ አእምሮውን ቢስት፣ እምነቱን በአፉ መመስከር ቢያቅተው፣ ዘመዶቹ ቢለምኑለት ይጠመቅ ወይ? መልሱ፣ ርኩስ መንፈስ የያዘው ካልሆነ በቀር ይጠመቅ ነው። ተመልከቺ፣ ገና ያልተጠመቀው ሰው እንኳ በዘመዶቹ ልመና ከተጠመቀ፣ ባልሽ ተጠምቆ፣ ቆርቦ፣ ዓመታት ጸልዮ ነው የተመታው።

ማርቆስ 2 ላይ ያሉትን አራት ሰዎችም አስቢያቸው። ሽባውን ተሸክመው፣ ጣሪያ ነድለው አወረዱት። ጌታ የማንን እምነት አየ? «እምነታቸውን አይቶ» ነው የሚለው። ሽባው እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ሲናገር አልተጻፈም። አንቺና ልጆችሽ አሁን ከተሸካሚዎቹ ናችሁ። ተሸካሚ ደግሞ ይደክመዋል፤ ስለዚህ አንዳንድ ሌሊት አንቺም መጸለይ ቢያቅትሽ በራስሽ አትፍረጂ።

«እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል» የሚለውን ጥቅስ የሚወረውሩብሽ ሰዎች አሉ። እኛም ላይ ተወርውሯል። ማቴዎስ 24ን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። ስለ መከራ፣ ስለ ሐሰተኞች ነቢያት፣ ከዓመፃ ብዛት የተነሣ ፍቅሩ ስለሚቀዘቅዝ ሰው ነው የሚያወራው። ከሞተር ላይ የወደቀ ሰው አልዓመፀም። «ብንክደው እርሱ ደግሞ ይክደናል» የሚለውም አለ፣ አልዘለልኩትም። ግን ክህደት ፈቃድ ይፈልጋል። ወዲያው ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ማንም አይጠቅስልሽም፦ «ባናምነው፥ እርሱ የታመነ ሆኖ ይኖራል፤ ራሱን ሊክድ አይችልምና» (2ኛ ጢሞ. 2፥13)። የምድር ፍርድ ቤት እንኳ አእምሮውን ስቶ ያጠፋን ሰው እንደ ጤነኛ አይቀጣም። እግዚአብሔር ከዳኛ ያንሳል እንዴ?

አንድ ፕሮቴስታንት ጓደኛዬ «አንዴ የዳነ አይጠፋም» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞክሯል። እኔ በሱ አልስማማም፤ በኛ መዳን እስከ ዕለተ ሞት የሚጠበቅ ነገር ነው። ስለ ወንድም ጋሼ ግን ሁለታችንም አንድ ቦታ ደረስን። ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆየነው።

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ልንገርሽ። ባልሽ የሚናገረው ሁሉ የጉዳቱ ንግግር ላይሆን ይችላል። ሥራውን አጥቷል፣ ጓደኞቹ ቀርተዋል፣ ቤቱ ውስጥ እንደ ልጅ ይጠበቃል። «እግዚአብሔር ካለ ለምን እኔን?» ካለ፣ ይሄ ከኢዮብ ጀምሮ የነበረ የጤነኛ ሰው ጥያቄ ነው። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ድብርት የተለመደ ነው፣ ሕክምናም አለው፤ እሱን ሐኪም ይየው። ደግሞ «ጭንቅላትህ ስለተመታ ነው» እያልሽ አፉን አትዝጊው። ወንድም ጋሼን አንዴ እህታችን እንዲህ ብትለው ሁለት ቀን አላናገራትም፤ እውነቱን ነው። ምኑ ከጉዳቱ፣ ምኑ ከራሱ እንደሆነ የሐኪሙ ፊልምም አያሳይም፣ ቄሱም አይመዝነውም። «ፍጥረታችንን እርሱ ያውቃልና» ይላል መዝሙሩ። እኔ እዚያ ላይ ነው የማቆመው።

ምልክት ፍለጋም አትድከሚ። ባለፈው ጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ መንገድ ዳር ወንበር አውጥተንለት ተቀምጦ ነበር። ካህናቱ ሲያዜሙ አብሯቸው ያዜማል፣ ግእዙን አንድ ቃል ሳይስት። ጎረቤታችን «ተመለሰ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ማታ ቀስ ብዬ «ወንድም ጋሼ፣ አሁን ታምናለህ እንዴ?» አልኩት። «ዜማው ደስ ይለኛል» አለ። በቃ፣ ሌላ የለም። በልጅነት በአፍና በእጅ የተለመደ ነገር ሌላው ሲጠፋም ሊቆይ እንደሚችል ሐኪሙ ነግሮናል። ስለዚህ ባልሽ እንጀራ ሲቆርስ ቢያማትብ ዳነልኝ ብለሽ አትዝለይ፣ ባያማትብም ጠፋብኝ ብለሽ አትሙቺ።

ጸበልን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ውሰጂው፣ እሱ ከፈቀደ። ታስሮ፣ ተጎትቶ ግን አይሆንም። መድኃኒቱንም እንዳታቋርጪ! አንድ ጸበል ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ አንድ ሰው «እምነት ካላችሁ ኪኒኑን ጣሉት» አለንና እናቴ አቋረጠችበት። ብዙም ሳይቆይ ሌሊት በላይ በላዩ ይጥለው ጀመር፤ በባጃጅ አፋፍሰን ነው ሆስፒታል ያደረስነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሰው ሊገድል ይችላል። አባ ሲሰሙ የተቆጡትን ቁጣ ከዚያ በፊት አላየሁባቸውም። «ጸበሉን የባረከ ለሐኪሙም እውቀት የሰጠ እሱ ነው» አሉ።

ሌላው፣ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም የሚለው ምናልባት በድምፁ ይሆናል። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ጫጫታና ግፊያ አይችልም፤ የኛ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ጤነኛውንም ያሳምማል (ይሄን ስል የሰበካ ጉባኤ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ)። እኛ ወንድም ጋሼን ቀን ላይ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንወስደዋለን። ግቢው ውስጥ ዛፎቹ ሥር ይቀመጣል። ውስጥ ሲገባ ፈረንጅ ሁሉ አንጋጦ የጣሪያውን መላእክት ያያል፣ እሱ ግድግዳውን ነው የሚመረምረው። ግንበኛ አይደል! አትጸልይም ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። አሁን አሁን ራሱ «እንሂድ» ይላል። ለምን እንደሚል አልጠይቀውም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ስመለስ፣ ለንስሐ አባታችሁ ንገሪ። ገመና የሚባለው ለመንደር ነው እንጂ ለንስሐ አባት አይደለም። መቁረብ አለመቁረቡን አንቺ ብቻሽን አትወስኚ። የኛ አባት «ሳይፈልግ አይቅረብ፣ ግን በክርስትና ስሙ ሁልጊዜ በጸሎት ይታሰባል» ብለው ነው የወሰኑት። አባታችሁ ገና ሳይሰሙሽ የሚቆጡ ከሆኑ ሌላ አባት አማክሪ። ስትሄጂ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ያዢ፤ ዛር ነው መተት ነው የሚለውን ወሬ ይቆርጥልሻል። ለባልሽም «ለአባ ስላንተ ልነግራቸው ነው» በይው፤ ከኋላው እየተወራ እንዳይመስለው። ጎንደር ከሆንሽና የኛን አባት ማግኘት ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመቻቸው።