ጎረቤት ክልል፣ አንድ ገበያ፦ ስለ ምግብ ትስስርና ስለ ድጋፍ ገንዘብ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሐዋሳና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም ስለ ድጋፍ ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ጉዳይ ስለሚያነሳ ግን አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ የሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ስድሳ የምንሆን ሴቶች በአንድ እድር ተሰባስበን ከቀብር ጉዳይ አልፈን ቁጠባ ከጀመርን አራት ዓመት ሆኖናል። ከጓሮአችን እንሰትና ጎመን፣ ከማሳችን ደግሞ ጥቂት በቆሎ እናገኛለን። ሆኖም በየዓመቱ ከመጋቢት እስከ ሰኔ በቆሎ በውድ እንገዛለን፤ ያው በቆሎ እኮ በጥቅምት በርካሽ ከእጃችን የወጣ ነው። በሻሸመኔ በኩል ድንችና በቆሎ የሚያመርቱ ዘመዶች አሉን፤ በወላይታም ስኳር ድንች የሚያመርት አንድ ማኅበር እናውቃለን። አንድ ለጋሽ ድርጅት በአጎራባች አካባቢዎች ትብብር የሚሠራ የምግብ ዋስትና ሥራ ካቀረባችሁ ገንዘብ አለ ብሎናል። ከየት እንጀምር? እድራችንስ ገንዘቡን በስሙ መቀበል ይችላል?

መልስ፦ እህታችን፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ከበድ ብሎ ያገኘነው “ያው በቆሎ ከእጃችን የወጣ ነው” የሚለውን ቃል ነው። ለጋሹ የሚሰጣችሁን ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ይህን ቃል ወደ አንድ ወረቀት ገልብጣችሁ ከሥሩ አሥራ ሦስቱን ወራት በተርታ ጻፉ። በየወሩ በእናንተ ዘንድ፣ በሻሸመኔ ዘመዶቻችሁ ዘንድና በወላይታው ማኅበር ዘንድ ምን እንደሚደርስ፣ ምን እንደሚያልቅና ምን እንደሚሸጥ ሙሉ። በቆሎው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይሰበሰባል፤ በክረምቱ ማብቂያ የተተከለው ስኳር ድንች በበጋው ወራት ይደርሳል፤ እንሰት ደግሞ ለመድረስ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቢፈልግም ከደረሰ በኋላ በፈለጉት ወር ይፋቃል፣ ቆጮውም በጉድጓድ ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ይህ ወረቀት ሲሞላ አንዱ ቤት ባዶ በሚሆንበት ወር ሌላው ቤት ምን እንዳለው በግልጽ ይታያል። የትብብሩ ምክንያት እርሱ ነው፤ ለጋሹም ከማናቸውም ያማረ መግቢያ ይልቅ እርሱን ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ለምን ትብብሩ ክልል ተሻጋሪ መሆን እንዳለበት ለማስረዳት አትቸገሩም። ሐዋሳና ወላይታ ሶዶ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ክልል፣ በአንድ ግብርና ቢሮ ሥር ነበሩ። በዚያ ዓመት ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ ወላይታን ያቀፈው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተመሠረተ። ሻሸመኔ ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ድሮም የኦሮሚያ ናት። እንግዲህ ያ ድንች፣ ያ በቆሎና ያ ስኳር ድንች እንደ ቀድሞው ወደ አንድ ገበያ ይመጣል፤ ጉዳዩን የሚመለከቱት ቢሮዎች ግን ሦስት ሆነዋል። እህል ከክልል ወደ ክልል ሲሻገር በኬላ ደብዳቤ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ፤ የዘር ጥራት ቁጥጥሩ፣ የባለሙያው ምክርና የኅብረት ሥራ ምዝገባውም በየክልሉ ነው። ስለዚህ ከሦስቱም ወረዳዎች የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር አጭር የመግባቢያ ሰነድ ብትፈራረሙ፣ በእርሱም ውስጥ በየትኛው ወር ምን ያህል ምርት ከየት ወደ የት እንደሚሄድና ለጭነቱ የድጋፍ ደብዳቤ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ቢጻፍ፣ አብዛኛው ችግር ከመንገድ ላይ ይነሳል። “በጋራ ለመሥራት ተስማምተናል” ብቻ የሚል ሰነድ ለፎቶግራፍ እንጂ ለጭነት መኪና አይሆንም።

የትብብሩ ጥቅም ከእህል ልውውጥ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በተከላ ቁሳቁስ ላይ ነው ብንል አናጋንንም። ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረጉ ነው። በጋው ሲረዝም ሐረጉ ይደርቃል፤ ያኔ ቀጣዩ ዝናብ በሰዓቱ ቢመጣ እንኳ ገበሬው የሚተክለው አይኖረውም። በአንዱ አካባቢ ድርቅ ሲበረታ፣ ውኃ በማይጠፋበት በሌላው አካባቢ ሐረጉ በትንሽ መደብ ላይ በመስኖ እንዲቆይ መስማማት ብዙ ወጪ የለውም። ሐዋሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በቫይታሚን ኤ የበለጸጉትን፣ ውስጣቸው ብርቱካንማ የሆኑትን “ቱላ” እና “ኩልፎ” የተባሉ ዝርያዎች ያወጣ ስለሆነ፣ ንጹሕ ሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ከየት እንደሚገኝ ለመጠየቅ ሩቅ አትሄዱም።

በእንሰት በኩል ደግሞ ትብብሩ ከመቀበል ይልቅ መጠንቀቅን ይጠይቃል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚዛመተው በአብዛኛው የታመመውን ተክል ቆርጦ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው በሚሄድ ቢላዋና ከታመመ ማሳ ተነቅሎ በገበያ በሚሸጥ ችግኝ ነው። የእናንተ መንደር ቢላዋውን በእሳት እየለበለበ የታመመውን ነቅሎ ቢቀብር፣ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ግን የታመመ ችግኝ በገበያ ቢሸጥ፣ ድካማችሁ በአንድ የገበያ ቀን ይጠፋል። ይህን የሚመለከት አንድ አንቀጽ በስምምነታችሁ ውስጥ ይግባ፤ ገንዘብ አይፈልግም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የኛ አስተያየት ለጋሹ ምግብ እንዲገዛላችሁ አትጠይቁ የሚል ነው። ማንም ብቻውን ሊከፍለው የማይደፍረውን፣ በመካከላችሁ የሚቆመውን ነገር ይግዛ፦ ሚዛን፣ አየር የማያስገባ ከረጢት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የጭነት ወጪ፣ በጥቅምት ከአባላት በቆሎ የሚገዛበት ተዘዋዋሪ ገንዘብ። አዲስ መጋዘን መሥራት ለጊዜው ይቆይ፤ የሚከራይ ደረቅ ክፍል ካለ እርሱ ይበቃል። ስድሳችሁ ሁለት ሁለት ኩንታል ብታስቀምጡ 120 ኩንታል ነው። ሁለት የፕላስቲክ ሽፋኖችን ከውጭ ኬሻ የሚይዛቸው፣ እስከ 100 ኪሎ የሚችለው ከረጢት 120 ያህል ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። በውስጡ ያለው አየር ሲያልቅ ነቀዙ ይሞታል፤ የመርዝ ክኒን አያስፈልግም። ይሁንና በቆሎው እርጥብ ከሆነ ከረጢቱ ራሱ ሻጋታ ያመጣባችኋል። ለመፈተን ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምሮ መናጥ፣ ከዚያም ለአፍታ ማስቀመጥ ነው፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ በቆሎው ገና ፀሐይ ይፈልጋል።

በበጀቱ ላይ ለአበልና በሐይቁ ዳር ሆቴሎች ለሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና የሚያዘው ገንዘብ ከከረጢቱ ዋጋ በልጦ ካገኛችሁት፣ ማንም ያዘጋጀው ይሁን፣ መልሳችሁ ስጡት። እኛ እንዲህ ያለ በጀት አንድ ጊዜ አይደለም ያየነው።

ስለ እድራችሁ የጠየቁት መልስ ያሻዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርንና እቁብን በስም ጠቅሶ ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል። ይህ ማለት እድራችሁ ሕገ ወጥ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ለጋሾች የሚጠይቁት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የምዝገባ ምስክር ወረቀት በእድርነታችሁ አይሰጣችሁም። እህል የምትገዙና የምትሸጡ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር መሆን ይሻላችኋል፤ እዚያ አንድ አባል አንድ ድምፅ ስላለው ብዙ ዕጣ የገዛች ሴት ሌሎችን ልታዝዝ አትችልም፣ ከትርፉም ለመጠባበቂያ የሚቀመጥ ድርሻ አለ። ምዝገባውን ግን ለለጋሹ የጊዜ ገደብ ብላችሁ አታጣድፉት። ለድጋፍ ተብሎ በሁለት ሳምንት የተወለደ ማኅበር ድጋፉ ሲያልቅ የሚሰበሰብበት ምክንያት አያገኝም። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡን የተመዘገበ አንድ አገር በቀል ድርጅት ተቀብሎ እንዲያስተዳድርላችሁ፣ ሒሳቡንም በየሦስት ወሩ በእድራችሁ ስብሰባ ላይ እንዲያቀርብ በጽሑፍ መስማማት ትችላላችሁ። ይህ ድርጅት በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎች የሚሠራ ከሆነ ምዝገባው በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ መሆኑን አረጋግጡ።

አንድ ነገር እንጨምር። በሰኔ 2014 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለምሥራቅና ለደቡባዊ አፍሪካ የምግብ ሥርዓት የመቋቋም አቅም ማጎልበቻ በሚል እስከ 2.3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ መርሐ ግብር ሲያጸድቅ፣ ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ምዕራፍ ተካታለች። እንዲህ ያለ ገንዘብ በመንግሥት በኩል እንጂ በእድር ደጃፍ አያልፍም። ስለዚህ የአሥራ ሦስቱን ወራት ወረቀት አንድ ቅጂ ለወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ከመዘጋጀቱ በፊት አስገቡ፤ ዕቅዱ ከጸደቀ በኋላ የሚደርስ ጥያቄ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀጠራል።

ጥያቄ፦ በአሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ የምናሰግር ወጣቶች ነን። የማቀዝቀዣ ክፍል ሊገዛልን የፈለገ ለጋሽ አለ። ብንቀበል ምን ይላሉ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ወርኃዊውን የመብራት ክፍያ ማን እንደሚከፍልና መብራት በጠፋባቸው ቀናት ዓሣው ወዴት እንደሚሄድ ቁጥር አስቀምጣችሁ አስሉ። የዕለቱ ምርት በዕለቱ የሚሸጥ ከሆነ፣ ጥሩ የበረዶ ሣጥኖችና በረዶ የሚያቀርብ ሰው ማግኘት ከክፍሉ በፊት ይቀድማል። ዓሣውን ማቆየት የሚያስፈልገው ወደ ሻሸመኔና ወደ ሌሎች ከተሞች ለመላክ ስትፈልጉ ነው፤ ያኔም የሚያስፈልጋችሁ በጉዞ ላይ የሚቀዘቅዝ ሣጥን ነው።

ከማቀዝቀዣው የሚበልጠው ጉዳይ ግን ሐይቁ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ በጥቁር ውኃ ወንዝና ከከተማው በጎርፍ የሚገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዳርቻውም የሲዳማና የኦሮሚያ ነው። በአንዱ ዳር ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ተከልክሎ በሌላው ዳር ቢጣል፣ ወይም ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በዳርቻው ሣር ውስጥ እንቁላል በሚጥልበት ወራት አንዱ ሲያርፍ ሌላው ቢያሰግር፣ ማቀዝቀዣው የሚሞላው በትንንሽ ዓሣ ይሆናል። ለለጋሹ ማመልከቻ ስታቀርቡ ከማዶው ዳርቻ አስጋሪዎች ጋር ሆናችሁ፣ የመረብ መጠንና የዕረፍት ወራት ስምምነትን ከዕቃው ግዢ ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ። እንዲህ ካልሆነ ባትቀበሉት እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ በሚገኝ አገር በቀል ድርጅት የፕሮጀክት ባለሙያ ነኝ። የጓሮ አትክልትና የዶሮ ሥራ የምንደግፍበት ገንዘብ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በአንድ ደብዳቤ ተቋረጠ። ለቀጣዩ ምን ማድረግ አለብን?

መልስ፦ የብዙዎች ጥያቄ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ማገዱ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉም በጀታችሁን ነክቶታል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ በብር የተፈረመ ውል የመኖና ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የመግዛት አቅሙ ወርዷል። ስለዚህ በሚቀጥለው ውል የምንዛሪ ለውጥ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በጀቱ እንደገና እንዲታይ የሚል አንቀጽ ይኑር። ለጋሹ ሥራውን ቢያቋርጥ እስከዚያ ቀን የተፈጸመው ወጪ እንደሚከፈልና የማስጠንቀቂያ ጊዜ እንደሚሰጥም ይጻፍ። ትልልቅ ለጋሾች በዚህ ላይ አይደራደሩም የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ የጠየቀ ስለሌለ ነው።

በሌላ በኩል ሥራውን በአገር ውስጥ ካለው አሠራር ጋር ማያያዝ ይቻላል። ሐዋሳ የከተማ ሴፍቲኔት (ችግረኛ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ ሥራ ሠርተው ክፍያ የሚያገኙበት መርሐ ግብር) ከሚሠራባቸው ከተሞች አንዷ በመሆኗ፣ ብስባሽ ማዘጋጀትና የአትክልት መደብ ማልማት ከማኅበረሰብ ሥራዎቹ ጋር ሊገጥም ይችላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ በይፋ የተጀመረው የመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ደግሞ ዶሮንና እንቁላልን በግልጽ ያካትታል። የድርጅታችሁን የአስተዳደር ወጪም ተመልከቱ፤ አዋጅ 1113 ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፣ የፕሮጀክቱ ገቢ በድንገት ሲቀንስ ያው የቢሮ ኪራይ ከዚህ ወሰን በላይ ይወጣልና።

የተቋረጠውን ሥራ በተመለከተ ዛሬውኑ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። በፕሮጀክቱ የተገዙት የዶሮ ቤቶች፣ የውኃ ፓምፖችና ማጠጫዎች በማን ስም እንደተመዘገቡ ይፈትሹ። በድርጅቱ ስም ከሆኑ፣ ድርጅቱ ቢሮውን ከማጥበቡ በፊት ለተጠቃሚዎቹ ማኅበር በርክክብ ሰነድ ያስተላልፉ፤ ሰነዱን ሦስት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱን ለቀበሌው ስጡ።