«ማቾ ናቸው፣ ተጠንቀቂ» አሉኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። የ26 ዓመት ልጄ ወላጆቹ ከሜክሲኮ የመጡ ልጅ ልታገባ ነው። ልጁ እኔን ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ ዕቃዬን ይቀበለኛል፤ ምግብ ቤት ስንሄድ ሒሳብ አያስነካም። ወድጄዋለሁ። አንዲት አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባዬ ግን «ተጠንቀቂ፣ እነሱ ማቾ ናቸው» አለችኝ። ልጄን ብጠይቃት ተቆጣች። ለመሆኑ ማቾ ማለት ምንድን ነው? ልስጋ ወይስ ልተወው?
የልጅ እናት

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለዎት። ጥያቄዎ ወደ ድሮ ሥራ ቤቴ መለሰኝ። እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ አንድ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ዕቃ አጣቢ ነበርኩ፤ በኋላ ሽንኩርት ከታፊ ሆንኩ። ከጎኔ የሚቆመው ሥጋ ጠባሽ ሚቾአካን ከሚባል የሜክሲኮ ግዛት የመጣ ሰው ነበር፤ በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል። ስለ ማቾ የማውቀውን ያህል ያወቅኩት ከእሱ ነው።

በስፓኒሽ ማቾ ወንድ ማለት ነው። ወንድ ውሻም ማቾ ነው፤ ወንድ ድመትም እንዲሁ። ለሰው ሲነገር ደግሞ እኛ «እሱኮ ወንድ ነው» እንደምንለው ነው። ደፋር፣ ቃሉን የማያጥፍ፣ ቤቱን የማያስደፍር ማለት ይሆናል። ሲከፋ ደግሞ ጉልበተኛና ሴት የሚንቅ ማለትም ይሆናል። እዚያው ሜክሲኮ ሴቶች አንዱን «ማቺስታ»፣ ማለትም ሴት የሚንቅ፣ ካሉት ሰደቡት ማለት ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ክፉው ጎኑ አየለ። ባልደረባዎ የሰማችው ያንን ነው።

ቴክሳስ ተወልዶ ያደገው የፎክሎር (የሕዝብ ዘፈንና ተረት) ምሁር አሜሪኮ ፓሬዴስ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ስለዚሁ ጽፏል። በድሮዎቹ የሜክሲኮ የጀግና ዘፈኖች ውስጥ ማቾ የሚለው ቃል እምብዛም እንደሌለ፣ ገኖ የወጣው በ1940ዎቹ እንደሆነ አሳይቷል። ሽጉጥ ታጥቆ መፎከርማ አሜሪካም ሞልቷል ብሏል። እውነቱን ነው። ካውቦይ ራሱ ሥራውን የተማረው ከሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች ነው፤ የካውቦዮቹ ውድድር መጠሪያ፣ ሮዲዮ የሚለው ቃል እንኳ ስፓኒሽ ነው።

ልዩነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርዎ።

የሚቾአካኑ ሰው እናቱ ማረፏን በስልክ ሰማ። የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረው ሄዶ ሊቀብራት አይችልም። ከምጣዱ ፊት እንደቆመ አለቀሰ፤ ፊቱን በሽርጡ እንኳ አልሸፈነም። የአገሩ ልጆች ከበቡት። አንዱ ጭንቅላቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘው። አንዱ ምንም ሳይናገር መቆንጠጫውን ከእጁ ወስዶ ሥጋውን ማገላበጥ ጀመረ። ይሄኛው «ኮምፓድሬ» የሚለው ሰው ነው፤ በእኛ አበልጁ። አሜሪካዊው ማናጀራችን መጣ። ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ «የፈለግከውን ያህል ቀን ዕረፍት ውሰድ» አለውና መሬት መሬት እያየ ወጣ።

ማታ የሚቾአካኑ ሰው «ጥሎኝ ሄደ» አለኝ፤ በጣም ከፍቶት ነበር። ማናጀሩን በሌላ ቀን ሳነሳበት ደነገጠ። «ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ቆመህ አታየውም። አክብሬው ነው የወጣሁት» አለኝ። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። አንደኛው ያደገው ወንድ በሚደገፉት ሰዎች ብዛት በሚለካበት አገር ነው፤ ሌላው ማንንም ሳይደገፍ በመቆሙ በሚለካበት። ለዚህ ነው የሜክሲኮ ልጅ እስኪያገባ እናቱ ቤት ቢኖር የማያፍረው፣ አሜሪካዊው ግን ገና በ18 ዓመቱ መውጫውን የሚያስበው። እርስዎ የወደዱለት ብድግ ማለትና ሒሳብ መክፈል የሚመጣውም ከዚያው ከመጀመሪያው ቤት ነው።

ክፉውን ጎን ልደብቅዎ አልፈልግም። ያ ሰው ሚስቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ልትቀጠር ስትል ከልክሏት ነበር። «ሰው ምን ይለኛል? ማብላት አቃተው ይለኛል» አለ። ለዓመታት ቤት ዋለች። እንዲህ ያለውን ከእኛም ቤት እናውቀዋለን። ሜክሲኮ ውስጥ ነገሩ የሞት ጉዳይ ሆኖ፣ ሴትን በሴትነቷ መግደል በፈረንጆቹ 2012 በፌዴራል የወንጀል ሕጉ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። ይህን ያስገደዱት የገዛ አገራቸው ሴቶች ናቸው።

ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ማቲው ገትማን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሳንቶ ዶሚንጎ በሚባል የሜክሲኮ ሲቲ የድሆች ሰፈር ኖሮ ነበር። ያገኛቸው አባቶች ሕፃን አቅፈው የሚውሉ፣ «አባቴ ማቾ ነበር፣ እኔ አይደለሁም» የሚሉም ነበሩበት።

ስለዚህ እናቴ፣ ማቾ የሚለውን ቃል ይተዉትና ልጁን ይዩት። ወላጆቹ ቤት ለእሑድ ምሳ ሲጠሩዎት ይሂዱ። ከምግብ በኋላ ሳህን የሚያነሳው ማነው? እናቱ ስትናገር ያዳምጣል? ልጅዎ በነገር ስትቃወመው ፊቱ ምን ይሆናል? ልጅዎን ደግሞ ብቻዋን ሲያገኟት፣ ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ ብታገኝ ምን እንደሚል ጠይቃው እንደሆነ ይጠይቋት። እንዳትቆጣ «ማቾ» ብለው አይጀምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሜክሲኮ ሠርግ ላይ በስፓኒሽ «አራስ» የሚባል ሥርዓት አለ። ሙሽራው 13 ሳንቲሞች በሙሽራዋ እጅ ላይ ያፈሳል፤ ያለኝ ያንቺ ነው፣ ቤታችንን አኖራለሁ እንደማለት ነው። ዛሬ ዛሬ ሙሽራዋም መልሳ በእሱ እጅ የምታፈስበት ሠርግ አለ። የእነሱ በየትኛው መንገድ እንደሚሆን ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠው ይጠይቋቸው። መልሱን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።