ልጆቹ የሚጮኹት መነሻ ድምፁ ስለሚወርድባቸው ነው

ሰላም መምህር። ሃምሳ ያህል የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይዘው፣ ኪቦርድ ሳይኖርዎት፣ «ሲዘምሩ ይጮኻሉ፤ የኖታ መስመሮቹን ስም በቃላቸው ይዘውም ማንበብ አልቻሉም፤ ምን ላድርግ?» ብለው ጠይቀዋል። የሁለቱም ችግር ሥሩ ጆሮ ላይ ስለሆነ ኖታውን ለጊዜው ያቆዩትና ከድምፁ ይነሱ።

ጩኸቱ ብዙ ጊዜ የሥርዓት ጉዳይ አይደለም። መዝሙሩ ዝቅ ብሎ ከተጀመረ ልጁ የሚዘምረው በሚያወራበት ድምፅ ነው፤ በዚያ ድምፅ ጎላ ለማለት ደግሞ ከመጮኽ ሌላ መንገድ የለውም። «ቀስ በሉ» ቢሏቸው ጩኸቱ ይቀንሳል እንጂ ድምፁ ቦታውን አይለውጥም። በዚህ ዕድሜ የሚመቻቸው ዲ ከሚባለው ድምፅ (294 ኸርዝ ገደማ፤ ኸርዝ ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ነው) እስከ ቢ (494 ኸርዝ ገደማ) ያለው ክልል ነው። የእርስዎ የወንድ ድምፅ ግን አንድ ኦክታቭ (በኸርዝ ግማሹን) ዝቅ ይላል፤ ኤን ሲያወጡ 220 ነው፣ የነሱ ኤ 440። ከልጆቹ አንዳንዱ ራሱ አስተካክሎ ከፍ ብሎ ይመልሳል፤ ሌላው የእርስዎን ለማስመሰል ድምፁን ለማጎርነን ሲታገል ዜማው ይጠፋዋል። ስለዚህ በቀጭን ድምፅዎ 440ን ያሳዩ። ካልሆነልዎ ዜማ የማይስት አንድ ልጅ ያስጀምር። መነሻውን ስልክ ላይ በሚጫን ቱነር (የድምፅን ከፍታ በሚለካ መተግበሪያ) ያረጋግጡ፤ በግምት የተጀመረ መዝሙር ብዙ ጊዜ ወደ ታች ነው የሚያደላው።

መዝሙሩን በሐረግ ከፍለው ያስተምሩ፦ እርስዎ ይዘምራሉ፣ እነሱ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ። አብረዋቸው አይዘምሩ። አብረው ከዘመሩ እየተከተሉዎት ይጎተታሉ፤ የሳተውን ልጅም አይሰሙትም።

ከዚያ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ከሚባሉት ሁለት ድምፅ ብቻ ይበቃል፤ ሶል እና ሚ። ሶልን ኤ ላይ ያስቀምጡት፤ ሚ ኤፍ ሻርፕ ላይ ይወድቃል። በኋላ ላ ሲጨመር ቢ፣ ዶ ሲጨመር ዲ፣ ሬ ደግሞ ኢ ይሆናሉ፤ አምስቱም ከላይ ካልኩት ክልል አይወጡም። (የዶ ቦታ እንደ መዝሙሩ ይቀያየራል፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚያስቀምጡት አሉ፤ ለጀማሪ ልጅ ግን የሚንቀሳቀሰው ይቀላል ባይ ነኝ።) በየቀኑ አምስት ስድስት ልጆችን በስማቸው በሶልና በሚ ይጥሩ፤ እያንዳንዱ «አቤት» ብሎ በዚያው ዜማ ይመልስ። ሃምሳውንም በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ሰምተዋቸዋል ማለት ነው።

እያንዳንዱን ድምፅ በእጅ ቅርጽና ከፍታ የሚያሳየውን የእጅ ምልክትም አብረው ያስገቡ፤ እንግሊዛዊው ጆን ከርወን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ነው። ለሶል መዳፍ ወደ ደረት፣ አውራ ጣት ወደ ላይ፤ ለሚ መዳፍ ወደ መሬት ተዘርግቶ። ልጆች ቅርጹን ይይዙና ከፍታውን ይረሱታል። እጁ ከሶል ወደ ሚ ካልወረደ ምልክቱ ጌጥ ብቻ ነው።

ዜማ የሚስተውን ልጅ «ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» አይበሉት። እሱ ያወጣውን ድምፅ እርስዎ ይያዙለት፤ ሁለታችሁም እኩል ስትሆኑ በግማሽ ድምፅ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያድርጉት። በ«ኡ» ከታች እስከ ላይ እየጎተቱ መውጣትና መውረድም ከንግግር ድምፁ ያላቅቀዋል።

ምቱን በተመለከተ አንድ ነገር ይለዩ፦ እግር የማይለወጠውን ምት ይረግጣል፣ እጅ የቃሉን ሪትም ያጨበጭባል። መጀመሪያ ክፍሉን ለሁለት ከፍለው፣ ገሚሱ እግሩን፣ ገሚሱ እጁን። በሙሉ መዳፍ ካጨበጨቡ ይፈጥናሉ፤ እርስ በርስም አይሰማሙም። በሁለት ጣት መዳፍ ላይ ይምቱ።

ጽሑፉ የሚመጣው ይህ ሁሉ በአፍና በእጅ ከገባ በኋላ ነው። አራት ምት፣ አራት ሳጥን፤ አንድ ቋሚ ዘንግ «ታ» (በአንድ ምት አንድ ድምፅ)፣ በላይ የተያያዙ ሁለት ዘንጎች «ቲ-ቲ» (በአንድ ምት ሁለት ድምፅ)። እረፍቱን (ድምፅ የማይወጣበትን ምት) ዘለውት ስለሚሮጡ ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን የሚዘረጉበት ያድርጉት።

ቀጥሎ መስመር፤ ግን አምስቱን በአንዴ አይደለም። በሁለት ይጀምሩ። ሶል መስመር ላይ ከሆነ ሚ ከሥሩ ባለው መስመር ላይ ነው፤ ሶል ክፍተት ውስጥ ከሆነ ሚ ከሥሩ ባለው ክፍተት። እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት አለ፦ ልጁ ደብተሩ ላይ «መስመር ላይ ጻፍ» ሲባል የለመደው ፊደሉን መስመሩ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ የኖታው ራስ ግን መስመሩ መሐሉን ሰንጥቆት ማለፍ አለበት። ካልነገሩት ኖታዎቹን ሁሉ ክፍተት ውስጥ ይደረድራቸዋል። ወረቀት ላይ መስመሮቹን ሰፋ አድርገው ያስምሩና በጠርሙስ ክዳን ያስደርድሯቸው፤ ሲሳሳቱ ማጥፋት የለ፣ ማንሸራተት ብቻ ነው።

የመስመሮቹን ስም በቃል ማስያዙ ያልሠራልዎ በሚከተለው ምክንያት ነው፦ ልጁ ለእያንዳንዱ ኖታ ከታች ጀምሮ ሲቆጥር ምቱ ያመልጠዋል። ማንበብ ማለት ወጣ ወይስ ወረደ፣ ደረጃ ነው ወይስ ዝላይ የሚለውን በዓይን መያዝ ነው፤ ስሙ በኋላ ይደረስበታል። ከየኖታው ሥር ሶል፣ ሚ እያሉ አይጻፉላቸው፤ ፊደሉን እንጂ ከፍታውን አያነቡም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በሳምንት አንድ ረጅም ክፍለ ጊዜ ካለዎት ከሌላ መምህር ጋር ተነጋግረው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየሆነ ሦስት አራት ቀን ቢበተን እመርጣለሁ።

ማንበባቸውን ሲፈትኑ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ልጆች አንዴ የሰሙትን ይዘው ያነበቡ ይመስላሉ። ሰሌዳው ላይ ያለውን አራት ምት ካነበቡልዎ በኋላ ምንም ሳይናገሩ ሦስተኛውን ሳጥን ብቻ ከ«ታ» ወደ «ቲ-ቲ» ይለውጡት። የድሮውን የሚደግመው ልጅ ገና እያነበበ አይደለም።