የቤት ብድርና የሐኪም ቤት ወጪ፦ መንግሥት የቱን ይክፈል?

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን አውጥተናል። የተጻፉት ለየብቻ ቢሆንም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ቤት ያለው ሰው ሲታመም ማን ይድረስለት?

ጥያቄ፦ ቤት ለመሥራት ከባንክ ተበድረን ቀሪው 400,000 ብር ነው። 15 ዓመት ይቀረናል፣ ወለዱ 15 በመቶ። ባሌ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ ሥራ አልገባም፣ ሁለት ወር አልከፈልንም። ባንኩ በየቀኑ ይደውላል። አቦ፣ መንግሥት ስንቱን ይደጉም የለ? የታመመ ሰው የቤት ዕዳ ለምን አይሰረዝም? እስከዚያስ ምን ላድርግ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ ደብዳቤሽ በድሬ ወግ “አንተ” እያለ ስለመጣ እኛም “አንቺ” እያልን እንመልሳለን።

ከሁሉ በፊት ቀን ቁጠሪ። ክፍያው ካለፈበት 90 ቀን የሞላው ብድር በባንክ መዝገብ “የተበላሸ” ይባላል። ባንኩ ለዚያ ብድር ተጨማሪ የኪሳራ መጠባበቂያ ለመያዝ ይገደዳል፣ ስምሽም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ በኩል ለሌሎች ባንኮች ይታያል። ሁለት ወር ላይ ያለ ተበዳሪ የሚያነጋግረው የቅርንጫፉን የብድር ክፍል ነው። አራት ወር ላይ የደረሰ ግን ነገሩ ወደ ሕግ ክፍል ይዞራል፣ እዚያ ደግሞ የመደራደር ልማድ የለም። ስለዚህ የስልኩን ጥሪ ትተሽ ደብዳቤ አስገቢ። የሆስፒታሉን የመውጫ ማጠቃለያ፣ የክፍያ ደረሰኞቹን፣ ባልሽ መቼ ሥራ እንደሚጀምር የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት አያይዥ። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂና አንዱ ላይ “ደርሶናል” የሚል ማኅተም አስመቺ። በቃል የተባለ “እናያለን” ሐራጅ ሲመጣ ማስረጃ አይሆንም።

ምን እንደምትጠይቂ ደግሞ አስቀድመሽ አስቢ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። “ዘመኑን አራዝሙልኝ” ማለት ደስ ይላል፣ ሒሳቡ ግን አያስደስትም። አሁን የወር ክፍያሽ 5,598 ብር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ 5,000ው ወለድ ነው፣ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 598 ብር ብቻ። ዘመኑ ወደ 20 ዓመት ቢራዘም ክፍያው 5,267 ይሆናል። በወር 331 ብር ለማትረፍ ብለሽ በጠቅላላው ከ256,000 ብር በላይ ጨምረሽ ትከፍያለሽ። ለስድስት ወር ምንም አልክፈል ብትዪና ባንኩ ቢስማማ ደግሞ ወለዱ ዕዳው ላይ ይደመርና 400,000ው ወደ 431,000 ይጠጋል። ብድሩ መጀመሪያ በተቆረጠለት ቀን ይለቅ ከተባለ ወርሃዊው ወደ 6,088 ይወጣል።

የኛ ምክር ይህ ነው። ባልሽ የሚመለስበት ወር የሚታወቅ ከሆነ አጭር እፎይታ፣ ቢበዛ ሦስት ወር፣ ጠይቂ፤ የዘገየበት ቅጣት እንዲነሳም አብረሽ ጻፊ። ቅጣት ከወለድ ይልቅ ለድርድር ይቀርባል። መመለሱ የማይታወቅ ከሆነ ግን ቤቱን ራስሽ ለመሸጥ የባንኩን ፈቃድ መጠየቅ አለብሽ። መራራ ነው፣ ግን ከሐራጅ ይሻላል። ገዢው መጀመሪያ የባንኩን ዕዳ ይከፍላል፣ ባንኩ የዕዳ ነጻ ደብዳቤ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ይጽፋል፣ በቤቱ ላይ ያለው እግድ ይነሳል፣ ቀሪው ለናንተ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በ1992 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ ጨረታው ሁለት ጊዜ ገዢ ካጣ ቤቱን ራሱ መረከብ ይችላል። ሐራጅ ላይ የሚመጣ ገዢ ርካሽ ፈልጎ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር አትርሺ፦ የብድር ውሉን ገልጠሽ የሕይወት ዋስትና ተገብቶ እንደሆነ እዪ። አንዳንዱ ዋስትና ሞትን ብቻ ሳይሆን ዘላቂ የአካል ጉዳትንም ይሸፍናል፣ ግን ካላመለከታችሁ ማንም አይነግራችሁም።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንምጣ። ዕዳውን መንግሥት ይሰርዝ? በኛ እምነት አይሰርዝ። የባንክ ገንዘብ ቀፊራ ላይ ቲማቲም የምትሸጠውም ሴት ያስቀመጠችው ነው። ወለዱን ይደጉም ብንል እንኳ ከ15 ወደ 10 በመቶ ለማውረድ ላንቺ ቤት ብቻ በወር 1,300 ብር፣ በዓመት 15,600 ብር ይፈጃል። ለስሌት ያህል የአንድ ቤተሰብ የጤና መድህን መዋጮ በዓመት 1,500 ብር ነው እንበል፤ በዚያው ገንዘብ አሥር ቤተሰብ ይገባል። እነዚያ አሥሩ አብዛኞቹ ተከራይ ናቸው፣ የሚሰረዝ የቤት ዕዳ እንኳ የላቸውም። በቤት በኩል ደግሞ መንግሥት ሲደጉም የኖረውን አይተናል። ትርፍ ቤቶችን የወረሰው አዋጅ 47/67 ያመጣቸው የቀበሌ ቤቶች ኪራይ እስከ ዛሬ ከገበያው ጋር አይተዋወቅም፣ ግን ጥቅሙ የሚደርሰው ቀድሞ ለገባ እንጂ ለቸገረው አይደለም። እናንተን ያንገዳገዳችሁ ደግሞ ቤቱ አይደለም፣ ቀዶ ሕክምናው ነው። የመንግሥት ገንዘብ መግባት ያለበት እዚያ ላይ ነው፣ ሰው ከመታመሙ በፊት።

ጥያቄ፦ “ከመታመም በፊት ጤና መድህን ግቡ” ለሚሉን መልስ አለኝ። የጤና መድህን አባል ነን፣ በየዓመቱ እንከፍላለን። የ19 ዓመት ልጄ ሆስፒታል ሄዳ ከኪሷ ከፈለች፤ መድኃኒቱንም “የለም፣ ውጭ ግዙ” አሏት። ታዲያ መዋጮው ለምንድን ነው? (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አሉ፣ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

አንደኛው የልጅዎ ዕድሜ ነው። መድህኑ ቤተሰብን በአንድ መዝገብ ይይዛል፤ 18 ዓመት የሞላው ልጅ ግን ተጨማሪ መዋጮ ይከፈልለታል። ስሟ ደብተሩ ላይ ቢኖርም ለእሷ ካልተከፈለ አገልግሎት አታገኝም። በሚቀጥለው እድሳት ለይተው ያስመዝግቧት። ስሟ በደብተሩና በመታወቂያዋ ላይ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ ይመልከቱ፤ ፋይዳ ከመጣ ወዲህ “ሃ” እና “ሐ” ሰው ያመላልሳሉ።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው የማይችለው ሲሆን ሪፈር ጽፎ ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ወይም ወደ ድል ጮራ ይልካል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር። ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ላይ “ድንገተኛ” ተብሎ መጻፉን ከመውጣትዎ በፊት ያረጋግጡ፤ በማግሥቱ ማስለወጥ ፈተና ነው። ቀጠሮ ያለው በሽተኛም የሪፈሩ ጊዜ ሲያልፍ ማሳደስ እንዳለበት ይዘነጋል።

ሦስተኛው የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ቅሬታዎ እውነት ነው። መዋጮ ተሰብስቦ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ መድህኑ ስም ብቻ ይሆናል። የተለመደው ምክንያት ተቋሙ ለመድህኑ ያቀረበው ሒሳብ ተጣርቶ እስኪከፈለው መዘግየቱ ነው፤ ያልተከፈለው ተቋም መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው፦ ማዘዣው ላይ “በተቋሙ የለም” የሚል ማኅተም ያስመቱ፣ በሌላ የመንግሥት ተቋም ፋርማሲ ይሞክሩ፣ ከግል ከገዙም ስምዎ ያለበት ደረሰኝ ይያዙና ከማዘዣው ኮፒ ጋር ለቀበሌው የመድህን አስተባባሪ ያቅርቡ። ተመላሽ የሚሰጠው እንደየቦታው ውል ነው፣ ማኅተም የሌለው ግን የትም አይመለስም።

እድሳቱን አያሳልፉ። ጊዜው ካለፈ እንደ አዲስ ገቢ አገልግሎት የማያገኙበት የመጠበቂያ ጊዜ ይኖርብዎታል፣ በሽታ ደግሞ የሚመጣው ያኔ ነው። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የውበት ሕክምና፣ የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም። በመኪና የተገጨ ሰው ከመድህኑ ሳይሆን ከባለመኪናው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ነው የሚጠይቀው፤ ባጃጅም ቢሆን። የቲቢ ሕክምና፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔና በጤና ጣቢያ መውለድ ግን አባል ለሆነም ላልሆነም ነጻ ናቸው፣ ለነዚህ ገንዘብ አይክፈሉ።

መዋጮውን የማይችል ጎረቤት ካለዎት ደግሞ መንግሥት የሚከፍልላቸው አሉ። ዝርዝሩ በቀበሌ ኮሚቴ ተለይቶ ይለጠፋል። የከተማ ሴፍቲኔት መጀመሪያ ከገባባቸው 11 ከተሞች ድሬዳዋና ሐረር ሁለቱ ስለነበሩ ብዙ ሰው የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ከሆንኩ የጤናውም በራሱ ይመጣል ብሎ ይቀመጣል። ላይመጣ ይችላል። ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፣ ዝርዝሩ ከመጽደቁ በፊት።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ለጤና መድህን ልመዝገብ ብዬ ቀበሌ ብሄድ “ደመወዝተኛ አይመዘገብም” ተባልኩ። የደመወዝተኛው የታለ? (ከሐረር)

መልስ፦ ጥያቄዎ መልስ ሰጪውን ያሳፍራል። ቀበሌ የሚመዘግበው ማኅበረሰብ አቀፉ መድህን የተዘጋጀው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ከተሜ ነው። ለደመወዝተኛው በ2002 አዋጅ ቁጥር 690 ወጥቶለት ነበር፦ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ። በ9,000 ብር ደመወዝ ከእርስዎ 270፣ ከአሠሪዎ 270 ማለት ነው። አዋጁ በወረቀት ላይ ዓመታትን አስቆጠረ። ያኔ ሠራተኛው ራሱ ከደመወዜ አይቆረጥ ብሎ ማጉረምረሙም መነገር አለበት። ያ ሠራተኛ ዛሬ ለአንድ የኤምአርአይ ምርመራ ከባልደረቦቹ መዋጮ ይሰበስባል።

ለጊዜው ባለቤትዎ ደመወዝተኛ ካልሆኑ በእሳቸው ስም መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ቀበሌውን ይጠይቁ። መሥሪያ ቤትዎ የሕክምና ወጪ የሚሸፍንበት ውስጠ ደንብ ካለም በጽሑፍ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ቤቱን የገዛነው ከወለድ ነጻ በሆነው የባንክ አገልግሎት፣ በሙራባሃ ነው። መክፈል ቢያቅተን ዕዳው እንደ ወለድ ብድር ያድጋል? (ከሐረር ሸንኮር)

መልስ፦ በመርሁ አያድግም። ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ የሸጠላችሁ ስለሆነ ዋጋው የተቆረጠ ነው፤ ጊዜ ቢሰጣችሁ ዋጋው አይጨምርም፣ የመዘግየት ቅጣት ቢኖርም ለባንኩ ገቢ አይሆንም። መያዣው ግን መያዣ ነው፤ ሐራጁ እዚህም አለ። ስለዚህ ከላይ ለሳቢያኗ ጠያቂ ካልነው ውስጥ ደብዳቤው፣ ማኅተሙና 90 ቀኑ ለናንተም ይሠራሉ፤ እንዲያውም የጊዜ ማራዘሚያ ለናንተ ዕዳውን ስለማይጨምርባችሁ ሳትፈሩ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለእናቴ የኩላሊት እጥበት ከአንድ ነጋዴ 60,000 ብር ተበደርኩ፤ በወር 10 በመቶ። የቤቱን ካርታ ሰጠሁት፣ ውክልናም ፈርሜለታለሁ። እስካሁን ወለዱን ብቻ ነው የከፈልኩት። (ከመጋላ)

መልስ፦ እናትዎን ይማርልን። ዘላቂ እጥበት ከጤና መድህኑ ውጭ ሆኖ መቆየቱ እንደ እርስዎ ያለውን ሰው ወደዚህ በር ይገፋል፤ መንግሥት የሚደግፈውን ሲመርጥ ይህን ከማንም ቤት ወለድ ማስቀደም ነበረበት።

አሁን ግን ካርታው አያስፈራዎት፣ ውክልናው ያስፍራዎት። ካርታ በእጅ መያዝ መያዣ አያደርገውም፤ የቤት መያዣ የሚጸናው በጽሑፍ ተደርጎ ሲመዘገብ ነው። ቢመዘገብ እንኳ “ካልከፈልክ ቤቱ የኔ ነው” የሚል ስምምነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3060 ዋጋ የለውም። ውክልናው ግን የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ ከሆነ ሰውየው ነገ ቤቱን ለሦስተኛ ሰው ሊያዛውረው ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደተፈራረማችሁበት የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ሄደው ውክልናውን ይሻሩ፣ የመሻሪያውን ኮፒ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ። በዚያው ቀን፤ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ ብለው አይጠብቁ። “ሽያጭ” የሚል ውል ፈርመው ከሆነ ደግሞ ጠበቃ ሳይዙ አይደሩ።

ስለ ወለዱ፦ በሕጉ ቁጥር 2479 በግለሰቦች መካከል ላለ ብድር ከፍተኛው በዓመት 12 በመቶ ነው፣ ወለዱ በጽሑፍ ካልተስማማችሁበት 9 በመቶ። በወር 6,000 ብር የሚከፍሉት በዓመት 72,000 ይሆናል፣ ሕጉ የሚፈቅደው ግን ቢበዛ 7,200 ነው። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። እስካሁን የከፈሉትን በቀንና በመጠን ይጻፉ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ የላኩት ካለ ዝርዝሩን አስወጥተው ያትሙ። ከእንግዲህ በጥሬው አይስጡ፣ በባንክ ብቻ ይክፈሉ፣ የማስተላለፊያው ምክንያት ላይም “የብድር ክፍያ” ብለው ይጻፉ።