በሬው ተነፋ፣ ቢላውን አስቀምጡ፦ ጥያቄና መልስ

መስከረም ሲጠባ ስልኬ አያርፍም። ዝናቡ ጋብ ይላል፣ ማገጡ (ከብት የሚግጠው ለምለም የሜዳ ተክል) ሜዳውን ይሸፍናል፣ ከብቱ ይነፋል። ጎጃም ውስጥ በእንስሳት ጤና ቴክኒሻንነት ስሠራ ኖሬያለሁ። ዶክተር አትበሉኝ እንጂ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጋሼ፣ በሬዬ ማገጥ ግጦ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ጎረቤቶቼ እንብሳው ይላሉ። (ከቢቸና)

ቢላውን አስቀምጥ። እርጥብ ማገጥ ጨጓራ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ጋዙ አረፋው ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር በሬው ማግሳት ያቅተዋል። ብትበሳውም አረፋው ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የሚሰብረው ዘይት ነው። የኑግም ይሁን ሌላ፣ የምንበላው ዘይት ይሆናል። ለትልቅ በሬ ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር፣ ለበግ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር።

አጠጣጡ ላይ ተጠንቀቅ። በጉንጩ በኩል ቀስ እያልክ አፍስስ። አንገቱን ሽቅብ አትቆልምም፣ ምላሱንም አትጎትት። ዘይቱ ሳንባ ከገባ ከመነፋቱ የዳነ በሬ በሳንባ ምች ይሞትብሃል። ከዚያ የፊት እግሮቹን ወደ ዳገቱ አድርገህ አቁመው፤ እንዳይተኛ። ሰውም ወደ ክሊኒክ ላክ። ምላሱን አውጥቶ የሚንገዳገድ ከሆነ ሆዱ ሳንባውን እየተጫነው ነው። መብሳት የሚመጣው ያኔ ነው፤ እሱም በባለሙያ እጅ።

ነጭ ጋዝስ ብናጠጣው?

ተው! መርዝ ነው።

ላሜ ድንች ስትበላ ድንገት ተነፋች። ለሃጯ ይዝረበረባል፣ አንገቷን ትዘረጋለች። (ከሰከላ)

ይሄ አረፋ አይደለም። ድንቹ ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ የጋዙን መውጫ ዘግቷል። ዘይትም ውሃም አታጠጪያት። ባለሙያ ይድረስላት። እጅሽንም አፏ ውስጥ እንዳትከቺ። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ከብትም እንዲሁ ያዝረበርባል፣ በዓይን አይለይም። ለወደፊቱ ድንቹን ከትፈሽ ስጪ።

የዋሸራ ዝርያ በጌ ማገጥ ሳይነካ በየሳምንቱ ይነፋል። (ከፍኖተ ሰላም)

የሚውለው ከተማ መሃል ነው? እንግዲያው ፌስታል እጠረጥራለሁ። ፌስታል ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ ዘይትም አያወጣውም። የሚወጣው በኦፕሬሽን ነው። ዓውደ ዓመት ከቀረበ ግን ውሳኔው ያንተ ነው።

ልጆቼ ጥንቸል ያሳድጋሉ። እሷም ትነፋለች? (ከባሕር ዳር)

አዎ፣ የበሬው ዘይት ግን ለእሷ አይደለም። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። መብላት አቁማ፣ ሆዷ ጠጥሮ፣ ኩስ ካልጣለች ለነገ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ዋናው ቀለቧ ድርቆሽ ይሁን። ጎመኑን ቀንሱላት።

ከመነሻው እንዴት እንከላከል?

የተራበ ከብት ማገጥ ላይ አትልቀቁ። ጠዋት መጀመሪያ የጤፍ ጭድ ይብላ፤ ጤዛው እስኪደርቅም ጠብቁ። ይህን ሳስተምር ከርሜ፣ አንድ እሑድ ለቅዳሴ ስጣደፍ የራሴን ጊደር በባዶ ሆዷ ለቀቅኳት። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ተዘርራ ጠበቀችኝ።